የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ስለ ቢ ሴሎችና በደማችን ስላለው መዝገብ

በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የመታው የኅዳር በሽታ እስከ ዛሬ ስሙ አልጠፋም፡፡ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻው ተጠርጎ ሲቃጠልና መንደሩ በጢስ ሲታጠን የሚታወሰው ያ ክፉ ዘመን ነው፡፡ በሽታው እ.ኤ.አ. በ1918 ዓለምን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ነበር፡፡

ወረርሽኙ ካለፈ ከ90 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2008፣ አሜሪካ ያሉ ተመራማሪዎች በዚያ ዘመን ልጆች የነበሩ 32 አዛውንትን ደም መርምረው ውጤቱን ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አወጡ፡፡ የአዛውንቱ ዕድሜ ከ91 እስከ 101 ዓመት ነበር፡፡ በሁሉም ደም ውስጥ የ1918ቱን ቫይረስ ለይቶ የሚያውቅ ፀረ እንግዳ አካል ተገኘ፡፡ የስምንቱ ደም ጠለቅ ብሎ ሲመረመር ደግሞ በሰባቱ ውስጥ ፀረ እንግዳ አካሉን የሚሠሩት ሴሎች ራሳቸው በሕይወት ሲዘዋወሩ ታዩ፡፡ በሽታው ካለፈ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ደማቸው ግን አልረሳም፡፡

ለመሆኑ ይህን የመሰለ ትውስታ የሚይዘው ምንድን ነው? ሰውነታችን አይቶት የማያውቀውን በሽታስ እንዴት አድርጎ ይለየዋል? ጥያቄው የሐኪሞች ብቻ ይመስላል፡፡ ነገር ግን ከክትባት እስከ ውድ መድኃኒት፣ ከመድኃኒትም እስከ ፍርድ ቤት የሚዘልቅ ጉዳይ ስለሆነ ማንኛውም የተማረ ዜጋ ቢያውቀው የሚጠቅመው ነው፡፡

ስሙ ከዶሮ የመጣ ሴል

የነገሩ መነሻ እ.ኤ.አ. 1890 ነው፡፡ በርሊን ውስጥ ጀርመናዊው ኤሚል ፎን ቤሪንግና ጃፓናዊው ሺባሳቡሮ ኪታሳቶ የመንጋጋ ቆልፍን መርዝ በጥቂት በጥቂቱ ከለመደ እንስሳ የተቀዳ የደም ፈሳሽ ለሌላ እንስሳ ቢሰጥ ሁለተኛውም መርዙን እንደሚቋቋም አሳዩ፡፡ በፈሳሹ ውስጥ መርዙን የሚያከሽፍ ነገር አለ ማለት ነው፡፡ ያ ነገር ዛሬ አንቲቦዲ ወይም ፀረ እንግዳ አካል የምንለው ፕሮቲን ነው፡፡ ቤሪንግ እ.ኤ.አ. በ1901 የመጀመሪያውን የሕክምና የኖቤል ሽልማት ያገኘው በዚሁ መስመር በሠራው ሥራ ነበር፡፡

ፕሮቲኑን የሚሠራው ማን እንደሆነ ለማወቅ ግን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ፈጅቷል፡፡ ፍንጩ የተገኘውም ከዶሮ ነው፡፡ ዶሮ በአንጀቷ መጨረሻ አካባቢ የፋብሪሺየስ ቡርሳ የምትባል ትንሽ ከረጢት አለቻት፤ ጥቅሟ አይታወቅም ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአሜሪካ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ብሩስ ግሊክ የተባለ ተማሪ የአንዳንድ ዶሮዎችን ቡርሳ በቀዶ ጥገና አውጥቶ ነበር፡፡ ጓደኛው ቲሞቲ ቻንግ እነዚያኑ ዶሮዎች ለክፍል ማሳያ ብሎ ወስዶ ባክቴሪያ ሲወጋቸው ፀረ እንግዳ አካል መሥራት ሳይችሉ ቀሩ፡፡ ግኝቱ በትልቅ መጽሔት ተቀባይነት አጥቶ እ.ኤ.አ. በ1956 የታተመው ስለ ዶሮ እርባታ በሚጽፍ መጽሔት ላይ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1965 ማክስ ኩፐርና ባልደረቦቹ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ነገሩን ተከታትለው የበሽታ መከላከያ ሥርዓታችን ሁለት የተለያዩ ክንፎች እንዳሉት አረጋገጡ፡፡ ፀረ እንግዳ አካል የሚሠራው ክንፍ "ቢ" የተባለው ከቡርሳ የመጀመሪያ ፊደል ነው፡፡ ሰው ቡርሳ የለውም፤ በእኛ ዘንድ ቢ ሴሎች የሚፈጠሩት በአጥንታችን መቅኒ ውስጥ ነው፡፡

ከጥቂት ፊደል ብዙ ቃል

ፀረ እንግዳ አካል የላቲኑን ዋይ ፊደል ይመስላል፡፡ ሁለት ረጃጅምና ሁለት አጫጭር የፕሮቲን ሰንሰለቶች ተጣምረው ይሠሩታል፡፡ የሁለቱ ቅርንጫፎች ጫፍ ቁልፍ ቀዳዳውን እንደሚገጥም ከአንድ የተወሰነ እንግዳ ነገር ጋር ይገጥማል፡፡ አንድ ቢ ሴል የሚሠራው ደግሞ አንድ ዓይነት ፀረ እንግዳ አካል ብቻ ነው፡፡

እዚህ ላይ ሳይንቲስቶችን ለብዙ ዓመታት ያስጨነቀ ሒሳብ ይነሳል፡፡ ሰው ፕሮቲን የሚያሠሩለት ጂኖች 20 ሺሕ ገደማ ናቸው፡፡ እንግዳ ነገር ግን ስፍር ቁጥር የለውም፡፡ ለእያንዳንዱ ፀረ እንግዳ አካል አንድ አንድ ጂን ቢያስፈልግ ኖሮ ሌላ ሥራ የሚሠራ ጂን ባልተረፈን ነበር፡፡

መልሱን ያገኘው ጃፓናዊው ሱሱሙ ቶኔጋዋ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1976 በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ ከባልደረባው ጋር የአይጥ ፅንስ ዲ.ኤን.ኤ.ን ፀረ እንግዳ አካል ከሚሠራ ሴል ዲ.ኤን.ኤ. ጋር አስተያየ፡፡ በፅንሱ ውስጥ ተራርቀው የነበሩት ቁርጥራጮች በሌላው ሴል ውስጥ ተቀራርበው ተገኙ፡፡ ቢ ሴል ገና ሲፈጠር የራሱን ዲ.ኤን.ኤ. ቆርጦ እንደገና ይቀጥላል ማለት ነው፡፡ ቶኔጋዋ ለዚህ ግኝቱ እ.ኤ.አ. በ1987 የኖቤል ሽልማትን ብቻውን ተቀበለ፡፡

ለእኛ ነገሩን በፊደል ገበታ ማስረዳት ይቀላል፡፡ ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ቅርጽ ሲበዙ 231 ይሆናሉ፡፡ ቢ ሴልም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፡፡ ለረጅሙ ሰንሰለት ከሦስት መደቦች አንድ አንድ ቁራጭ ይመርጣል፡፡ በመጀመሪያው መደብ 40 ገደማ፣ በሁለተኛው 23፣ በሦስተኛው 6 ቁርጥራጮች አሉ፡፡ ሲባዙ ከ5 ሺሕ በላይ አማራጭ ይሰጣሉ፡፡ የአጭሩ ሰንሰለት አማራጮች 320 ገደማ ናቸው፡፡ ሁለቱ ሰንሰለቶች ሲጣመሩ ቁጥሩ ከ1 ሚሊዮን 700 ሺሕ ያልፋል፡፡

በዚህም አያበቃም፡፡ ቁርጥራጮቹ በሚጋጠሙበት መገጣጠሚያ ላይ ሴሉ ያለ ሕግ ጥቂት ፊደላትን ይጨምራል፣ ጥቂቱን ይቆርጣል፡፡ በዚህ ምክንያት የሚቻለው የፀረ እንግዳ አካል ዓይነት ከ10 ሺሕ ትሪሊዮን እስከ 1 ሚሊዮን ትሪሊዮን ሊደርስ እንደሚችል ይገመታል፡፡ በሰው ገላ ውስጥ ያሉት ሴሎች ሁሉ ተደምረው በአሥር ትሪሊዮኖች የሚቆጠሩ ናቸው፡፡ ስለዚህ ሙሉውን ክምችት ይዞ የሚዞር ሰው የለም፡፡ እያንዳንዳችን የያዝነው ከዚያ ባሕር የተቀዳ የየራሳችንን ጭልፋ ነው፡፡

አስቀድሞ የወጣ ሕግ

ቀድሞ የነበረው አስተሳሰብ እንግዳው ነገር ሲገባ ፀረ እንግዳ አካሉ በእርሱ ላይ እንደ ጭቃ ተለጥፎ ቅርጹን ይይዛል የሚል ነበር፡፡ አውስትራሊያዊው ማክፋርሌን በርኔት እ.ኤ.አ. በ1957 ይህን ገለበጠው፡፡ ፀረ እንግዳ አካሉ አስቀድሞ አለ፤ እንግዳው ነገር የሚያደርገው የሚገጥመውን ሴል መምረጥና ማባዛት ብቻ ነው አለ፡፡

በሕግ ትምህርት ቤት ከሚማሩት የመጀመሪያ መርሆች አንዱ ቅጣት አስቀድሞ በወጣ ሕግ ብቻ የሚል ነው፡፡ ሰውነታችንም ድርጊቱ ከተፈጸመ በኋላ ሕግ አያወጣም፡፡ ሕጉ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ሴሎች ላይ ተጽፎ ይጠብቃል፡፡ አብዛኛው አንድም ቀን ሳይጠቀስ ይሞታል፡፡ አንዱ ግን ጉዳዩ ሲመጣ ይጠራል፡፡

የተጠራው ቢ ሴል በንፍፊትና በጣፊያ ውስጥ ይራባል፡፡ ሲራባም ፀረ እንግዳ አካሉን በሚጽፈው ጂን ላይ ሆን ብሎ ስህተት ይሠራል፡፡ ከልጆቹ መካከል ከእንግዳው ነገር ጋር አጥብቆ የሚይዘው ይቀጥላል፤ የላላው ይሞታል፡፡ ስንታመም አንገታችንና ብብታችን ሥር የሚያብጠው ንፍፊት የዚህ ውድድር ሜዳ ነው፡፡ ካሸነፉት የተወሰኑት ፋብሪካ ይሆናሉ፤ አንዱ በሰከንድ እስከ 2 ሺሕ ፀረ እንግዳ አካል ያመርታል፡፡ ከእነዚህ ጥቂቶቹ መቅኒ ውስጥ ገብተው ለዓመታት ይሠራሉ፡፡ ሌሎቹ የትውስታ ሴል ሆነው ዳግም ጥሪ ይጠብቃሉ፡፡ ክትባት የሚሠራውም በዚሁ መንገድ ነው፤ በሽታውን ሳያመጣ ውድድሩን ያስጀምራል፡፡

በዕጣ የሚሠራ ነገር አደጋም አለው፡፡ ከተፈጠሩት ቢ ሴሎች ብዙዎቹ የራሳችንን ሰውነት የሚያጠቁ ሆነው ይወጣሉ፡፡ ሰውነት እነዚህን ገና በመቅኒ ውስጥ እያጣራ ያስወግዳቸዋል ወይም አካላቸውን ያስቀይራቸዋል፡፡ ማጣሪያው ሲበላሽ እንደ ሉፐስ ያሉ በሽታዎች ይከተላሉ፡፡

መዝገቡን ማንበብ

የአንድን ሰው የፀረ እንግዳ አካላት ክምችት በብዛት ማንበብ የተቻለው የዲ.ኤን.ኤ. ማንበቢያ መሣሪያዎች ከረከሱ በኋላ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2009 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የስቲቨን ክዌክ ቡድን ዜብራፊሽ በምትባል ትንሽ ዓሣ ላይ መንገዱን አሳየ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ በአሜሪካ የስክሪፕስ ተመራማሪዎች ከ10 ሰዎች ደም ወደ 3 ቢሊዮን የሚጠጉ የረጅሙን ሰንሰለት ቅጂዎች አነበቡ፡፡ ከእነዚህ ውስጥ ማናቸውም ሁለት ሰዎች በጋራ የያዙት በአማካይ ከመቶ አንድ ያህሉን ብቻ ነበር፡፡ ቢሆንም ይህ ትንሽ የሚመስል ድርሻ በአጋጣሚ ብቻ ሊመጣ ከሚችለው እጅግ የበለጠ ነው፡፡ እያንዳንዱ ሰው የራሱ መዝገብ አለው፤ የጥቂት ገጾች ቅጂ ግን በሌሎችም ዘንድ ይገኛል፡፡ አንድ ክትባት ለሚሊዮኖች እንዲሠራ ተስፋ የሚሰጡት እነዚያ የጋራ ገጾች ናቸው፡፡

ከኪክዊት እስከ ጂንካ

መዝገቡን ማንበብ ምን እንደሚጠቅም ለማየት ወደ ኮንጎ መሻገር ይበቃል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1995 ኪክዊት በምትባል ከተማ ኢቦላ ተነስቶ 315 ሰዎችን ያዘ፡፡ ኮንጎአዊው ሐኪም ዣን ዣክ ሙዬምቤና ባልደረቦቻቸው ከበሽታው የዳኑ ሰዎችን ደም ለስምንት በሽተኞች ሰጡ፤ ሰባቱ ዳኑ፡፡ ቁጥሩ ትንሽ፣ ማነጻጸሪያም የሌለው ስለነበር ማስረጃው አከራካሪ ሆኖ ቆየ፡፡

ከ11 ዓመት በኋላ ከኪክዊት የተረፈ ሰው ደም ሲመረመር ኢቦላን የሚያውቁት የትውስታ ቢ ሴሎች አሁንም ነበሩ፡፡ ከእነርሱ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋምና የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች አንሱቪማብ የተባለውን ፀረ እንግዳ አካል አወጡ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2019 በምሥራቅ ኮንጎ በተደረገው ሙከራ ሙዬምቤ ከመሪዎቹ አንዱ ነበሩ፡፡ ከአንሱቪማብ ተጠቃሚዎች በ28 ቀን ውስጥ የሞቱት 35 ከመቶ ያህል ሲሆኑ፣ ለማነጻጸሪያ በቀረበው በቀድሞው መድኃኒት ግን 50 ከመቶ ያህል ሞተዋል፡፡ መድኃኒቱ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 በአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ጸደቀ፡፡

ጉዳዩ ከእኛ የራቀ አይደለም፡፡ ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በጂንካ የማርበርግ በሽታ መከሰቱ ተረጋገጠ፡፡ ማርበርግ የኢቦላ የቅርብ ዘመድ ነው፡፡ በዚያን ጊዜ የጸደቀ ክትባትም ሆነ የጸደቀ መድኃኒት አልነበረውም፡፡ በምርምር ላይ ካሉት ፀረ እንግዳ አካላት አንዱ የተገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 እንደታተመው፣ ኡጋንዳ ውስጥ በማርበርግ ተይዞ ከዳነ ሰው ደም ነው፡፡ ከእንዲህ ዓይነት በሽታ የሚተርፍ ሰው ሁሉ ለሚቀጥለው በሽተኛ የሚሆን መልስ በደሙ ይዞ ይሄዳል፡፡

ኩፍኝ የሚያስረሳው

ይህ መዝገብ ሊጠፋም ይችላል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ኔዘርላንድስ ውስጥ ያልተከተቡ 77 ልጆችን ደም ኩፍኝ ከመያዛቸው በፊትና ከያዛቸው በኋላ አነጻጸረ፡፡ ልጆቹ ከዚያ በፊት ለሌሎች በሽታዎች ካከማቹት የፀረ እንግዳ አካላት ክምችት ከ11 እስከ 73 ከመቶ የሚሆነውን አጥተው ተገኙ፡፡ የኩፍኝ ቫይረስ ራሳቸውን የትውስታ ሴሎች ያጠቃል፡፡ ልጁ ከኩፍኝ ቢድንም ቀድሞ የሚያውቃቸውን ጀርሞች እንደ አዲስ መተዋወቅ ይኖርበታል፡፡ ክትባቱን በወሰዱ ልጆች ላይ ግን ይህ ዓይነቱ መጥፋት አልታየም፡፡

ኩፍኝ በአገራችን ሲነሳና ሲበርድ የኖረ ወረርሽኝ ነው፡፡ "ኩፍኝ የልጅ በሽታ ነው፣ ወጥቶለት ይሂድ" የሚሉ ወላጆች ዛሬም አሉ፡፡ በ9 ወርና በ15 ወር የሚሰጠው ክትባት ከአንድ በሽታ ብቻ የሚያድን ሳይሆን ልጁ እስከዚያ ያካበተውን ሁሉ የሚጠብቅ መሆኑ ሊነገራቸው ይገባል፡፡

ክምችቱ የማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1975 ጆርጅ ኮለርና ሴሳር ሚልስታይን እንግሊዝ ካምብሪጅ ውስጥ ቢ ሴልን ከካንሰር ሴል ጋር አዋሕደው፣ አንድ ዓይነት ፀረ እንግዳ አካል ያለማቋረጥ የሚያመርት ሴል ፈጠሩ፡፡ ሥራው ለኖቤል ሽልማት አብቅቷቸዋል፡፡ ፓተንት እንዲያወጣ ኃላፊነት የነበረበት የእንግሊዝ ተቋም ግን ግልጽ የሆነ ጥቅም አልታየኝም ብሎ ተወው፡፡ ዛሬ በፀረ እንግዳ አካላት የሚሠሩ መድኃኒቶች የዓለም ገበያ በዓመት ከ100 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው፡፡

ከዚያ ወዲህ ተቋማትና ኩባንያዎች ወደ ሌላው ጫፍ ሄዱ፡፡ አምጀን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኮሌስትሮልን የሚያባብስ አንድ ፕሮቲንን የሚያግዱ ፀረ እንግዳ አካላትን ሠራ፡፡ በማመልከቻው በዝርዝር የገለጸው 26 ያህል ነው፡፡ መብት የጠየቀው ግን በፕሮቲኑ ላይ በተወሰነው ቦታ ተጣብቆ ሥራውን ለሚያግድ ለማንኛውም ፀረ እንግዳ አካል ነበር፡፡ ከሳኖፊ ጋር የተከራከሩበት ጉዳይ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በግንቦት 2023 እ.ኤ.አ. ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ አምጀን ላይ ፈረዱ፡፡ ብዙ የጠየቀ ብዙ ማስተማር አለበት፤ 26 አሳይቶ ሚሊዮኖችን መያዝ አይቻልም የሚል ነው የፍርዱ ጭብጥ፡፡ ፍርድ ቤቱ የጠቀሰው የቆየ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1854 የቴሌግራፉ ሞርስ በኤሌክትሪክ ከሩቅ መጻፍን ሁሉ የራሱ ለማድረግ ሞክሮ የተረታበትን ነው፡፡ በእኔ አስተያየት ፍርዱ ትክክል ነው፡፡ ከላይ ያየነው ሒሳብ ራሱ ያስረዳል፤ በዕጣ የሚወጣን ክምችት ማንም አስቀድሞ አውቆ ሊያጥረው አይችልም፡፡

ሆኖም ፍርዱ የዳኘው በኩባንያና በኩባንያ መካከል ነው፡፡ ሴሉ የተወሰደበትን ሰው በተመለከተ ያለው የአሜሪካ ሕግ ሌላ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1990 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጣፊያው በሕክምና የወጣለት የካንሰር በሽተኛ ባቀረበው ክስ፣ በሽተኛው ከሰውነቱ በወጣው ሴል ላይ የንብረት መብት የለውም፤ ሐኪሙ ግን ስለ ምርምሩና ስለሚያገኘው ጥቅም አስቀድሞ የመንገር ግዴታ አለበት ብሏል፡፡ ስለ ዘረ መል ሀብት ተጠቃሚነት የሚደነግገው የናጎያ ፕሮቶኮልም የሰውን ዘረ መል አያካትትም፡፡

ይህ ክፍተት ለእኛ ትርጉም አለው፡፡ በጤፍ ጉዳይ የደረሰብንን እናስታውሳለን፡፡ አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ ያወጣው ፓተንት በሔግ ፍርድ ቤት የተሰረዘው እ.ኤ.አ. በ2018 ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው፡፡ ለጤፍ ቢያንስ የምንጠቅሰው ዓለም አቀፍ ስምምነት ነበረን፤ ለደማችን ግን እርሱም የለም፡፡ ያለን መከላከያ ናሙናው ከመሄዱ በፊት የሚጻፍ ውልና በሽተኛው ገብቶት የሚፈርመው የፈቃድ ቅጽ ብቻ ነው፡፡

ሌላም ጎን አለው፡፡ ፀረ እንግዳ አካል ለሚሠሩት ጂኖች ማመሳከሪያ ሆኖ የሚያገለግለው መረጃ በአብዛኛው የተሰበሰበው ከአውሮፓ ዘር ከሆኑ ሰዎች ሲሆን የአፍሪካውያን ድርሻ አነስተኛ ነው፡፡ የዘረ መል ብዝኃነት የበዛው ግን አፍሪካ ውስጥ ነው፡፡ ስለዚህ ናሙናችንን ቆልፈን ማስቀመጥም መልስ አይሆንም፤ ያልተነበበ መዝገብ ለባለቤቱም አይጠቅምም፡፡

የሚሻለው እዚሁ ማንበብ ነው፡፡ በ1962 ዓ.ም. የሥጋ ደዌን ለማጥናት የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ በአገራችን የበሽታ መከላከያ ምርምር ሲያካሂድ ቆይቷል፡፡ ከወረርሽኝ የተረፉ ሰዎች በፈቃዳቸው የሚሰጡት ደም በአግባቡ የሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ፣ ቢ ሴሎቹን ለይተው የሚያነቡ ባለሙያዎች፣ ወደ ውጭ ሲላክም መድኃኒቱ ሲገኝ ለሰጪው አገር በምን ዋጋ እንደሚቀርብ የሚወስን ውል ያስፈልጋሉ፡፡ እነዚህ ወረርሽኝ ከገባ በኋላ የሚዘጋጁ አይደሉም፡፡ ሰውነታችን ራሱ ጠላቱን እስኪያይ ሳይጠብቅ አስቀድሞ ይዘጋጃል፡፡ የጤናና የፍትሕ ባለሥልጣኖቻችንም ቢያንስ ይህንን ከእርሱ ቢማሩ መልካም ነው፡፡